ጥላ ያጣ እንሽላሊት

የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ላይ ሰው የሚያማርረው ብርዱን ነው። የዓለም ሙቀት መጨመር እንሽላሊትን እያመናመነ ነው ሲባል ለጋይንት ሰው የቆላ ጉዳይ ቢመስለው አይፈረድበትም።

እንሽላሊት ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ያረፈበት ካብ ላይ ወጥቶ ሆዱን ከድንጋዩ አጣብቆ ይሞቃል። የደጋዋ እስስትም በማለዳ ቆዳዋን አጥቁራ ጎኗን ለፀሐይ ትሰጣለች። ሰውነታቸው ሲፍታታ ያድናሉ፤ ሙቀቱ ሲበዛ ጥላ ይገባሉ። ጥላ የገባ እንሽላሊት ነፍሱን ያተርፋል፤ እስኪወጣ ድረስ ግን አያድንም። ባሪ ሲነርቮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ 48 የእንሽላሊት ዝርያዎች ቀድሞ የተመዘገቡባቸውን 200 ቦታዎች ዳግም ሲያዩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ከአካባቢ መንጋዎቹ 12 በመቶው ጨርሶ ጠፍቶ አገኙ። ምክንያት ያሉትም የአደን ሰዓት ማጠሩን ነው፤ በመራቢያ ወራት ሴቷ በቂ ካልበላች ለእንቁላሏ ወይም ለፅንሷ የሚሆን ስንቅ አይኖራትም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማይክል ኪርኒና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አስልተው ነበር፤ በሞቃት አገር እንሽላሊትን የሚያኖረው እንደልብ የሚገባበት ጥላ ነው። ለእኛ የሚበጀን ይህኛው ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ሙቀት ለደጋ እንሽላሊት መጀመሪያ ላይ ይጠቅመዋል፤ ማለዳው ቶሎ ይሞቅለታል። ጥላው አብሮ ከሄደ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይዞራል። የጋይንትን ቁጥቋጦ ማገዶና እርሻ አመናምነውታል፤ በምትኩ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከሥሩ ብዙም ነገር አያበቅልም። እስስት ደግሞ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየጨበጠች የምትሄድ ናት፤ ሜዳ ላይ የማንም ሲሳይ ትሆናለች። ወደ ላይ ትሽሽ ቢባል፣ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ጥቂት አልፎ ያልቃል፤ ገብሱም አስታ የተባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እየገፋ ሽቅብ ወጥቷል።

የቀረው ጥላ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከብት እንዳይገባ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ካብ ተክቧል። ካቡ የታሰበው ለችግኝ ነው፤ ለእንሽላሊት ግን የተሟላ ቤት ሆኖለታል። ላዩ የፀሐይ መሞቂያ ነው፤ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዝቃዛ ስንጥቅ ያገኛል፤ ጠላት ሲመጣም ሆነ ቀትር ሲከር ሩቅ መሮጥ አይኖርበትም። ከካቡ ውጭም ጥቂት ክንድ ቁጥቋጦ ሳይመነጠር ቢተው፣ ለእስስት መተላለፊያ ይሆናታል። አሁን የሚያሳስበኝ ካቡን በሲሚንቶ የማሳመሩ ነገር ነው። ድንጋዩ በደረቁ ይከመር፤ ስንጥቁ አይደፈን።