ልጅ በሙሉ ሰውነቱ ይማር

የፈተና ወራት በቀረበ ጊዜ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሲሰጥ እንሰማለን፤ ይኸውም «መዝሙሩን ተወው፤ ሥዕሉን አስቀምጠው፤ ትምህርትህን ያዝ» የሚል ነው። ትእዛዙ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ዜማና የእጅ ጥበብ ከትምህርት ውጭ ናቸው የሚለውን አሳብ አባቶቻችን አያውቁትም ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችንን የአብነት ትምህርት ቤት እንመልከት። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ቤት ሲገባ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በጆሮው መለየት ይማራል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው የሚነገርላቸውን ምልክቶች፣ ይዘትንና ድፋትን፣ ጭረትንና ርክርክን፣ በዐይኑ እየተከተለ ድምፁን ያነሣል፤ ይጥላል። በአቋቋም ቤት መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው እጁንና እግሩን ከቃሉ ጋር ያስማማሉ፤ አንዱ ከሳተ ማኅሌቱ ይናጋልና ባልንጀራውን ማድመጥን በዚያው ይለምዳል። ወደ ቅኔ ቤት የገባም የሰማውን መመለስ ብቻ አይበቃውም፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። እንግዲህ ጆሮና ዐይን፣ እጅና እግር፣ ማስታወስና መፍጠር በአንድ ልጅ ላይ በአንድነት ያድጋሉ ማለት ነው።

ይህን ስንል ትምህርት ቤቱ ነቀፋ የለበትም ማለታችን አይደለም። አለንጋው ብዙ ሕፃናትን አስለቅሷል፤ የተማሪው ኑሮ ዛሬም በብዙ ስፍራ በቁራሽ ልመና ነው፤ ከሴቶች ልጆችም ወደ ጉባኤው የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። የምንመኘው ጥበቡን እንጂ መከራውን አይደለም።

ታዲያ በቤታችን ምን እናድርግ? ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚማረውን መዝሙር ስለ ፈተና ብለን አናስቀርበት፤ ሒሳቡን ከፈጸመ በኋላ ጥቂት ጊዜ እንስጠው። ለቀለም መግዣ ገንዘብ ቢታጣ ከሰልና ጭቃ አይጠፋም። ለሴት ልጃችንም ከበሮውን አንከልክላት። ማታ ማዕድ ከተነሣ በኋላ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ምን አዜምህ? ምንስ ሣልህ?» ብለን እንጠይቅ። ነጥቡ ዓመቱ ሲያልቅ ይረሳል፤ የሠለጠነ ጆሮና የታዘዘ እጅ ግን ከልጃችን ጋር ይኖራሉ።