ስልኩ ባል ኪስ ውስጥ ነው

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና ቀጥሎም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ እኔ በጌዴኦ ዞን ወናጎ ወረዳ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። «አንድ ለአምስት» የምንለው የገበሬዎች ቡድን መሪውን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው፤ የራሳችን አደረጃጀት ሕግ ተላላፊ ሆኖ ቁጭ አለ! ሥልጠና ቆመ፣ ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጦ መምከርም ቀረ። ቡናው ግን ፍሬ መቋጠሩን አላቆመም።

«በስልክ አድርሱ» ተባልን። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። 8028 የተባለው ነፃ የግብርና መስመር ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ፣ ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ቁልፍ እየተጫነ ምክር በድምፅ እንዲሰማ አስችሏል። ሲጀመር የሚናገረው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር። ጌዴኦፋ ብቻ ለሚሰሙ አዛውንት እኔው እየደወልኩ ማስረዳት ነበረብኝ።

የእንሰቱ ነገር ግን ከቋንቋም ይብሳል። አጠውልግ የሚባለው በሽታ መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ የነካውን ቢላ በእሳት መለብለብ ነው፤ በሽታውን ከተክል ተክል የሚያዞረው በዋናነት ቢላው ነውና። ታዲያ ቢላውን የሚይዘው ማነው? እንሰት የምትፍቀው፣ ቆጮ የምታዘጋጀው ሴቷ ናት። ስልኩ ያለው ባሏ ኪስ ውስጥ፣ ባሏ ያለው ገበያ። ለአባወራው ስለ ቢላ ስነግረው «እሺ፣ እሺ» ይለኝና የቡና ዋጋ ይጠይቀኛል።

ስለዚህ ማታ፣ ሁሉም ቤት ሲገባ እየደወልኩ «ለባለቤትዎ ይስጡልኝ» ማለት ጀመርኩ። ቅር ያለው ነበር። አንዲት እናት ግን ስልኩን እንደተቀበሉ «ልጄ፣ የእኔን ቢላ እሳት ላይ ለበለብኩት እንበል፤ ጎረቤቴ የምታውሰኝስ?» አሉኝ። ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ለዚህ መልስ የለውም፤ ጥያቄውን አይሰማማ።

አሁን ስብሰባው ተመልሷል፣ ስልኩም ተረስቷል። ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጥቷል፦ የአውሮፓ ኅብረት ቡና የበቀለበትን ማሳ መገኛ የሚጠይቅ ሕግ በ2023 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። «ማሳዬን የሚለኩት ለግብር ነው ወይስ ለገበያ?» ይህን የሚጠይቅ ገበሬ ቀጣዩን ስብሰባ እስኪጠብቅ ወሬ ይቀድመዋል።

ወረዳዎች በጀት ሲይዙ ለሞተር ሳይክል ነዳጅ መስመር አላቸው። ለልማት ሠራተኛው የስልክ ካርድም ይያዝለት፤ እኔ የደወልኩት በደሞዜ ነው። የቤተሰብ መዝገቡ ላይም ከአባወራው ቁጥር ጎን የእማወራዋ ይጻፍ፤ የራሷ ስልክ ከሌላት፣ በስንት ሰዓት ቢደወል እንደምትገኝ።