የልጆች ድርሰት አንባቢ ይፈልጋል

«ስለ ደን ጥቅም አንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማንኛውም የአማርኛ መምህር ያውቀዋል። ግማሹ ልጅ ርእሱን በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል፤ አንዱ እስክሪብቶ ይዋሳል፤ ሌላው የጎበዙን ተማሪ ደብተር አጮልቆ ያያል። ደብተሮቹ ሲሰበሰቡ የሁሉም የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር አንድ ነው፦ ደን ለሰው ልጅ እጅግ በጣም አስፈላጊ ነው። በደን ምትክ ትምህርትን፣ ንጽሕናን፣ ሰላምን አስገቡበት፤ ያው ነው።

ይህን የሚያዩ ሰዎች «የዘንድሮ ልጅ መጻፍ አይችልም» ይላሉ። አልስማማም። ያው ልጅ ደወል ተደውሎ ሜዳ ሲወጣ፣ ትናንት ሰፈር ውስጥ የተነሣውን ጠብ ማን እንደጀመረው፣ ማን ገላጋይ ሆኖ ገብቶ እንደተመታ፣ ፖሊስ ሲመጣ ማን በየት እንዳመለጠ ሲተርክ ብትሰሙት ትገረማላችሁ። መማሪያ መጽሐፉ ስለ ተራኪ ድርሰት የሚዘረዝረው ሁሉ አለበት። ሜዳ ላይ ግን የሚሰሙት ጓደኞች ከበውታል። ደብተሩን የሚሰበስብበት መምህር ስሕተት ሊለቅም እንደሚወስደው ልጁ ገና በታችኛው ክፍል ሳለ ገብቶታል፤ ስለዚህ ስሕተት የማይገኝበትን ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። እጅግ በጣም አስፈላጊ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር፣ «የውኃ ጥቅም» በሚል ርእስ አንድ ልጅ ሁለት መስመር ጽፎ ቁጭ አለ። ውኃ ሕይወት ነው፤ ያለ ውኃ መኖር አንችልም። አጠገቡ ተቀመጥኩና «እናንተ ቤት ውኃ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩት።

«ሐሙስ ሌሊት ነው፣ ቲቸር።»

«ማነው የሚቀዳው?»

«እኔና እናቴ።»

«ተኝታችሁ እያላችሁ መምጣቱን በምን ታውቃላችሁ?»

ሳቅ አለና «መጀመሪያ ቧንቧው ያስላል» አለኝ።

«በል እሱን ጻፈው» አልኩት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ገጹ ሞልቷል። ቧንቧው ሲያስል እናቱ በጨለማ ጫማዋን ስትፈልግ አለች። ቢጫዎቹ ጄሪካኖች በተራ ተደርድረዋል። መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ውኃ አይደፋም፤ ለወለል መወልወያ በባልዲ ይቀመጣል። ከዚያ ከራሳቸው በፊት የጎረቤቷ አሮጊት ጄሪካን ይሞላል፤ ምክንያቱን ልጁ ራሱ ሲጽፍ «እማማ ወገባቸውን ስለሚያማቸው መነሣት አይችሉም፤ እኔንም ይመርቁኛል» ብሏል። በጠቅላላው ገጽ ላይ የነበረው አራት ነጥብ ሁለት ብቻ ነው። ፊደሎቹም ተዘበራርቀዋል። ቢሆንም ስለ ውኃ ጥቅም የእማማን ጄሪካን ያህል አሳማኝ ማስረጃ ያቀረበልኝ ተማሪ የለም።

እንዲህ ያለ ገጽ ሲመጣ የመምህሩ እጅ ወዲያው ወደ ቀይ እስክሪብቶው ይሄዳል። «ሀይል» የተባለው «ኃይል» ይሆናል፣ «ሰራ» «ሠራ» ይሆናል፣ ግርጌው ላይ 4/10 ይጻፋል። ልጁም ቁጥሩን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። ሞክሼ ፊደላትን ማስተማር አያስፈልግም አላልኩም፤ ጋዜጦቻችን እንኳ ባልተስማሙበት አጻጻፍ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጀመሪያ በዚህ መቀጣት የለበትም ነው የምለው። ቅደም ተከተሉ ይቀየር። መምህሩ በመጀመሪያ ያነበበውን ይንገረው፦ እናትህ በጨለማ ጫማ ስትፈልግ ታየችኝ። ቀጥሎ ከልቡ ማወቅ የፈለገውን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ውኃው የሚሄደው ስንት ሰዓት ነው? ቀድታችሁ ስትጨርሱ ትተኛለህ ወይስ ይነጋል? ልጁ መልሱን ይዞ እንደገና ይጽፋል። አራት ነጥቡ የሚመጣው ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው፤ ትንፋሹ የሚያርፍበትን ቦታ ራሱ ያገኘዋል። ፊደሉ በመጨረሻ ይታረማል፤ በዚያን ጊዜ ጽሑፉ የእሱ ስለሆነ እርማቱን አይጠላውም።

ይህ ዘዴ ከውጭ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። የቅኔ ቤትን ሥርዓት ያየ ሰው ግን አዲስ አይሆንበትም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ቅኔ የጀመረ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ጉባኤ ቃና። ደበሎውን ተከናንቦ ጫካ ይገባል፣ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ተመልሶ ለመምህሩ ወይም ቅኔ ለሚሰማው ረዳቱ፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ፊት ለፊት እየሰማ ያቃናለታል። ከዚያ ወደ ቀጣዮቹ የቅኔ ዓይነቶች፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። የነገ ቅኔ የዛሬው ሊሆን አይችልም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ መንገርማ ትልቅ ነውር ነው። ጀማሪው ትንሽ ነገር ይጠየቃል፤ ግን የራሱን፤ ግን በየዕለቱ፤ ግን ሰሚ ባለበት። የዚያን ሕይወት ርሃብና የመምህሩን ዱላ አልናፍቅም። የሚቆጨኝ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከአብነት ትምህርት ቤቱ በቃል መሸምደዱን ወርሶ ቅኔ ቤቱን መተዉ ነው። ዛሬ ሁለት የራሱን መስመር ጽፎ የማያውቅ ልጅ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ድርሰት አምጣ ይባላል።

«ስድሳ ልጅ ይዤ እንዴት አድርጌ?» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች ጥያቄ ተገቢ ነው። በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስድሳ ደብተር የሚያነብ ሰው የለም። እኔ በአንድ ዙር አሥር ደብተር ብቻ ነበር የምወስደው፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ይነባበባሉ። አንባቢው የሚፈቀድለት አንድ ጥያቄ ነው፦ የቱ ጋ ነው ተጨማሪ ማወቅ የፈለግኸው? ልጆች በዚህ ጥያቄ አይታሙም። ደግሞ ሚኒ ሚዲያ አለ። በየትምህርት ቤቱ ያ ድምፅ ማጉያ በዕረፍት ሰዓት ከመጽሐፍ የተገለበጠ ጥቅስና ጠቅላላ ዕውቀት ሲያነብ ይውላል፤ ከዚያ ውስጥ አምስት ደቂቃው ለተማሪዎች የራሳቸው አንቀጽ ቢሰጥ ምን ይጎድላል? ጽሑፏ ነገ በሚኒ ሚዲያ እንደሚነበብ የተነገራት ልጅ ማንም ሳያዛት ሦስት ጊዜ ገልብጣ ስትጽፍ፣ አንዱን ቃል ሰርዛ ጓደኛዋን «እንዲህ ይሻላል?» ብላ ስትጠይቅ ዐይቻለሁ። ማርክ አልተያዘላትም ነበር።

ይህ ሁሉ ጥረት ግን ስምንተኛ ክፍል ሲደረስ ይቆማል። የሚመጣው ፈተና ምርጫ ነው፤ ወላጅም ርእሰ መምህርም ሞዴል ፈተና አሠሩልን ይላሉ። እስከ 12ኛ ክፍልም ፈተናው ያው ምርጫ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ተፈትነው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ስለ ጥበቃው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ፈተናው መሰረቅ ብዙ ተባለ። ፊደል ማጥቆር ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደሚሰረቅ ግን የተነጋገርንበት ጥቂት ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በቴሌግራም በደቂቃ አገር ያዳርሳል። ልጁ ራሱ ስለሚያውቀው ሰፈር የሚጽፈው አንቀጽ ከሌላ ሰው ስልክ አይገኝም።

የድርሰት እርማት ገንዘብና ሰው እንደሚፈልግ፣ አራሚዎችም እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ስለዚህ በብሔራዊ ደረጃ ይጀመር አልልም። አዲስ አበባ ለ6ኛ ክፍል የከተማ አቀፍ ፈተና አለው፤ ከአማርኛው ፈተና አሥር ማርክ ለአንድ አጭር አንቀጽ ይመደብ። የአንዱን ክፍለ ከተማ ወረቀት የሌላው ክፍለ ከተማ መምህራን ሁለት ሁለት ሆነው ይረሙት፤ ውጤታቸው ከተራራቀ ሦስተኛ ሰው ይየው። መምህራኑ ከእርማቱ በፊት አንድ ቀን ተቀምጠው ጥቂት የናሙና ወረቀቶችን አብረው ያንብቡ፤ ለአበላቸውም በጀት ይያዝ። ርእሱ ከደን ጥቅም ይራቅ፤ ልጁ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ያየውን ይጠየቅ።