ፍሬን ዘይት መጨመርና መቀየር ለየቅል ናቸው

ስልካችን ላይ ከምናያቸው የአደጋ ዜናዎች ስንቱ ላይ ነው «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚለውን ያነበብነው? ፍሬን ግን እንደ በቅሎ ድንገት ተነስቶ እምቢ አይልም።

የማወራው ስለ አሮጌ አይሱዙ ነው። ሲኖትራክን የመሰሉት ፍሬናቸው በአየር ስለሚሠራ ይሄ አይመለከታቸውም።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ቢዘጋም በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ቀስ እያለ ውሃ ይገባዋል። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። አሁን ጭነት ይዛችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ውረዱ። በከባድ ማርሽ ካልሆነና ፍሬን እየረገጣችሁ ከወረዳችሁ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ዘይቱ ጋ ይደርሳል፣ ውሃው ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። የሚገርመው፣ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል፤ መካኒክ ቢያየው «ደህና ነው» ሊል ይችላል።

ታዲያ ለምን አይቀየርም? ዘይቱን የሚገዛው ባለንብረቱ ነው፣ ቁልቁለቱን የሚወርደው ሹፌሩ። ሹፌሩም በቢያጆ የሚከፈለው ከሆነ መኪናው ጋራዥ በዋለ ቁጥር ገቢው ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ «ጎደለ? ጨምርበት» ይበቃል። መጨመር ግን ውሃውን አያወጣም። ዘይቱ የጎደለውም ሸራው አልቆ ወይም የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

«አሮጌ ፍሬን አይነካም፣ ከነካኸው ያፈሳል» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለል ሲረግጥ የማስተሩ ጎሚኒ ለዓመታት ያልደረሰበት ዝገት ላይ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል። እና ከፔዳሉ ሥር ጣውላ አስገብቶ በግማሽ መርገጥ ነዋ! መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ ያለው አሮጌ ዘይት ይመጠጣል፣ ታሽጎ የመጣ አዲስ ይሞላል፤ ከዚያ ከማስተሩ በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሮ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ይፈስሳል። በመሃል ዕቃው ባዶ ከሆነ አየር ይገባል። ጎሚኒው ያኔም ካፈሰሰ፣ ድሮም አልቆለት ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ቢታወቅ ይሻላል።

ቦሎ በየዓመቱ ነው። በየሁለተኛው ቦሎ ዘይቱ ይቀየር፣ ወጪውን ባለንብረቱ ይሸፍን፣ መኪናው ለቆመበት ቀንም ለሹፌሩ ይከፈለው።