«ወላጅ አምጣ!»

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 1፥57–66



ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ልጅ ሲደባደብ፣ ሲያረፍድ፣ መስኮት ሲሰብር የሚነገር ቃል ነው። ፈሪው ልጅ ከመንገድ ላይ ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። እውነተኛዋ እናት ስትመጣ ደግሞ ሥራዋን ጥላ፣ ቢሮ በር ላይ ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ የልጇን ጥፋት ትሰማለች። ብዙ እናቶች የልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያውቁት በዚህ በር ብቻ ነው።

እኛ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል የምናስተምር ጥቂት አማኞች ነን። ከመካከላችን 7ኛና 8ኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምሩ አሉ። ለዓመታት እኛም ወላጅ የጠራነው ለጥፋት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ እናምናለን፦ መጻፍ የሚያስተምር መምህር ከሁሉ በፊት የልጁን ቤተሰብ በሰላምታ መቀበል አለበት። ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። የሒሳቡ ጥያቄ ከመጽሐፉ ይገኛል፤ ልጅ የሚጽፈው ግን ከቤቱ ይዞት የመጣውን ነው። ቤቱ እንደማይከበር ከተሰማው ስለ ቤቱ አይጽፍም። ከሰሌዳ የገለበጠውን መልሶ ያስረክበናል፣ እኛም አርመን እንመልስለታለን፣ ዓመቱም እንዲሁ ያልፋል።

ኤልሳቤጥ በወለደች ጊዜ ጎረቤትና ዘመድ ተሰበሰበ፤ ለልጁ ስም ሊያወጡም ተነሡ። አባትየው ወራት ሙሉ ቃል አልወጣውም። በምልክት ሲጠይቁት መጻፊያ ለመነና ስሙን ጻፈ። ይህን ክፍል ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዘካርያስ ምስጋና እንቸኩላለን። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ፤ አፉ የተከፈተው ከጻፈ በኋላ ነው፣ ያውም ቤተ ዘመዱ ባለበት። (የዘካርያስ ዝምታ ካለማመን የመጣ ነው፤ የልጆቻችን ግን አይደለም። ስለዚህ ምሳሌውን እስከዚህ ድረስ ብቻ እንውሰደው።) በቃል ሲጠየቁ መሬት መሬት የሚያዩ፣ ወረቀት ሲሰጣቸው ግን የሚናገሩ ልጆች በየክፍላችን አሉ።

አካባቢያችን ለጽሕፈት እንግዳ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ተማሪ ሰብስበው አስተምረዋል፣ መጻሕፍትም አሰባስበዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን አባቶችም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርኣን እየጻፉ ተምረዋል። ከሐይቅ ወደ ወልድያ ሲኬድ ደግሞ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ከጣልያን ጋር ውሉ የተፈረመው እዚያ ነው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲነጋገሩ በጣልያን በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል፤ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ወደ ዐድዋ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ የግሥ ልዩነት ነው። ልጆቻችን ይህን ለታሪክ ፈተና ይሸመድዱታል። እኛ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እናመጣዋለን። የሰፈሩ ልጅ አንድ ግሥ ስንት ሰው ሊያስከፍል እንደሚችል ሲገባው ፊቱን ማየት ነው!

ይህ ሁሉ ቅርስ እያለ በ2014 ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ ትምህርት ተቋረጠ። ያን ጊዜ 3ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ክፍል ሳይደግም ከመጣ በ2018 7ኛ ክፍል ተቀምጧል። ዓረፍተ ነገር መሥራት በሚለምድበት ዕድሜ ሽሽት ለመደ። ታዲያ አራት ነጥብ ሳያደርግ ገጽ ሙሉ ሲጽፍ ከመቆጣታችን በፊት ይህን ማስታወስ አለብን። እኛ አላስታወስንም። አንድ ጊዜ «አባቴ» በሚል ርእስ ድርሰት አዘዝን። አንዲት ልጅ ባዶ ወረቀት አስረከበች፤ ዜሮ ሰጠናት። አባቷ እንደሌለ ያወቅነው ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ነው። በመስከረም ቤተሰቧን አግኝተን ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። በጌታ ፊት ንስሐ ገብተናል፤ ልጅቱንም ይቅርታ ጠይቀናል።

አሁን ወንድሞችና እህቶች ወደሚከራከሩን ነገር እንምጣ። በአካባቢያችን ወላጆች በብዛት ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች ናቸው። መምህሩ «ጴንጤ» መሆኑን ሲሰሙ የሚሰጉ አሉ፤ አንፈርድባቸውም። ስለዚህ ገና ሲመጡ በግልጽ እንነግራቸዋለን፦ በክፍል ውስጥ ለልጃችሁ አንሰብክም፤ በድርሰቱ ስለ እምነቱ ቢጽፍም ፊደሉንና ዓረፍተ ነገሩን እናርማለን እንጂ እምነቱን አንነካም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። አንዳንድ ወገኖች ይህን መብራትን ከዕንቅብ በታች እንደ ማኖር ይቆጥሩታል። ቅንነታቸውን እናውቃለን፤ ግን አንስማማም። እናቲቱ ልጇን አምናን ነው የሰጠችን። የተሰጠንን አደራ ለሌላ ዓላማ ማዋል ስርቆት ነው፤ ዓላማው ያማረ ቢሆንም እንኳ። ጌታ ሕፃናትን ሲያቅፍ (ማርቆስ 10) ያመጧቸውን ሰዎች አስቀድሞ ማንነታቸውን አልመረመረም፤ የተቆጣው በከለከሏቸው ደቀ መዛሙርት ላይ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ ግን በደስታ እንመልሳለን።

የምናደርገው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለየቤቱ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ እንልካለን። ማን እንደሆንን፣ ልጁን በማግኘታችን ደስ እንዳለን፣ ዓመቱን ምን እንደምንጽፍ ይናገራል። ብዙ ወላጆች ስለማያነቡ አንባቢው ልጁ ራሱ ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ የጽሕፈት ሥራም እዚያው አለ፦ እናትህ ወይም አባትህ የሚመልሱልህን፣ አያትህም ቢሆኑ፣ እንዳሉት አድርገህ ጻፍ። የሮሜን መልእክት ጤርጥዮስ ለጳውሎስ እንደጻፈለት ማለት ነው (ሮሜ 16፥22)። ሁሉም አይመልስም። አንዳንዱ «እሺ» ብቻ ይዞ ይመጣል።

ዘንድሮ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ በእናቱ ቃል እንዲህ ጽፎ መጣ፦ «መምህር፣ አላህ ያበርታዎት። ልጄን ፊት ያስቀምጡልኝ። ከሩቅ አያይለትም። ሲጠየቅ ያፍራል እንጂ ያውቃል።» «አያይለትም» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዞ ነው የጻፈው። በማግስቱ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው።