አሮጌ ኮምፒዩተሮቻችንና በውስጣቸው የቀረው መዝገብ



ይህችን አሳቤን በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ቦታ ሰጥታችሁ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ስለ ሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጡት አሮጌ ኮምፒዩተሮች፣ በየኪሳችን ስላሉት ስልኮችና በነዚሁ መሣሪያዎች ስለሚካሄደው ጨዋታ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታያቸው አንባቢዎች ቢኖሩ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ከቀበሌው ተነሥቶ እስከ ወረዳው ከተማ ግማሽ ቀን በእግሩ የሚጓዝ ባለጉዳይ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቀላል ነው አይልም።

ሰው የመንግሥት ሠራተኛን ሲያማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው የካርታውን ጨዋታ ነው። «ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ እርሱ በኮምፒዩተር ካርታ ይደረድራል» ይባላል። ሐሜቱ መሠረት የለውም ብዬ አልከራከርም፤ በመዝገብ ቤት ሥራ ብዙ ዘመን ስለ ቆየሁ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይሁን እንጂ ሶሊቴር የሚባለው ይህ ጨዋታ ወደ መሥሪያ ቤት የገባው ሰውን ለማስነፍ ታስቦ አይደለም። የማይክሮሶፍት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ዊንዶውስ 3.0ን ሲያወጣ ጨዋታውን አብሮ የሰጠው፣ በዚያ ዘመን ማውዝ ለአብዛኛው ሰው እንግዳ ነገር ስለ ነበረ፣ ይዞ መጎተትንና መልቀቅን እየተጫወተ እንዲለምድ ነው። በእኛም ዘንድ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወሩት ባልደረቦች ብዙዎቹ እጃቸውን ያፍታቱት በዚሁ ካርታ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማውዙን ከጠረጴዛ አንሥተው በአየር ላይ ያንቀሳቅሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሲያስታውሱት ራሳቸው ይስቃሉ።

በ1998 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግ አንድ መሥሪያ ቤት ሲጎበኙ፣ አንድ ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ላይ ካርታ ከፍቶ ቢያዩ ከሥራ እንዲሰናበት አድርገዋል። ጉዳዩ በዚያን ጊዜ በጋዜጦች ተጽፎ ብዙ ሰው አከራክሯል። እኔ በበኩሌ ፍርዱ የከረረ ይመስለኛል። ያ ሕግ በእኛ አገር ቢሠራ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስንት ወንበር ባዶ ይሆን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው የመጡ እናት ከመስኮቱ ወዲያ ቆመው፣ በሠራተኛው ፊት ቀይና ጥቁር ካርታ እያዩ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» ሲባሉ ምን ይላሉ? ሲስተሙ በእውነት ጠፍቶ ይሆናል፤ እርሳቸው የሚያዩት ግን ካርታውን ነው። የሚጫወት ቢኖር በምሳ ሰዓት ይጫወት፤ ሲስተም ሲጠፋም ቢያንስ የሰውየውን ማመልከቻ ተቀብሎ በወረቀት ይመዝግብለት።

ጨዋታው በኮምፒዩተር ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኖኪያ 6110 የተባለው ስልክ የእባብ ጨዋታ ይዞ ወጣ፤ ያ እባብ ከጊዜ በኋላ በእኛም ደጋ ብዙ እረኛ አጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 ደግሞ በራሱ ላይ የእጅ ባትሪ ስላለውና አቧራ በቀላሉ ስለማይበግረው በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። መብራት ባልገባበት ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ስልኩን በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይዞ ይወጣል፤ በሱቅ ከፍሎ ያስሞላና እስከሚቀጥለው ገበያ በቁጠባ ይይዘዋል። የዛሬው ባለ ሰፊ መስተዋት ስልክ ይህን ኑሮ አይችለውም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜማ የዘመናዊው ስልክ ግርማ ሁሉ ወርዶ ከአሮጌው ጋር እኩል ሆኖ ነበር። የቀረለት ሥራ መደወል፣ ሰዓት ማሳየትና ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ጨዋታ ማጫወት ነው።

ልጆቻችን በጨዋታ ተበላሹ ለሚሉት ደግሞ የደጋው እረኛ ስልክ ሳይመጣም መሬት ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ ገበጣ ሲጫወት ያደገ መሆኑን አስታውሳቸዋለሁ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚሁ ጨዋታ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ባለ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ገበጣ የለመደ ልጅ በሒሳብ ትምህርት ሲቸገር ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንድ ኮምፒዩተር መሥራት ሲያቅተው «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ጥግ ይቀመጣል። ነገር ግን ከተቀመጡት ውስጥ ብዙዎቹን የገደላቸው እጅግ ትንሽ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ መሣሪያው ጠፍቶ ሲያድር ቀንና ሰዓቱን የምትጠብቀው እርስዋ ናት። ይህች ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታልቃለች። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ረስቶ ወደ ጥንቱ ይመለሳል፤ ከኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ካልተጫኑለትም አልነሣም ይላል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ቢኖር እንኳ ብዙውን ድረ ገጽ አይከፍትም፤ የድረ ገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫ የጊዜ ገደብ ስላለው አይቀበለውም። ይህን ጊዜ ነው ሠራተኛው «ሲስተም የለም» የሚለው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ስለ አንድ ሠራተኛ ዝውውር ሁለት የደብዳቤ ረቂቆች ተገኙ። የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ኮምፒዩተሩ ቢታይ፣ ሁለቱም በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. የተጻፉ ናቸው ብሎ መለሰ። ሠራተኛው በዚያን ዓመት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር! ሰዎቹ ሳቁ፤ የዝውውሩ ክርክር ግን ሳይቋጭ ስድስት ወር ሄደ። የዚያች ባትሪ ዋጋ ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም። ለመግዛት ግን የግዥ መጠየቂያ፣ የሦስት ነጋዴዎች ዋጋ ማቅረቢያና የኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማው ሲገኝ ሰኔ 30 ደርሶ በጀቱ ተዘግቷል። ከራሳቸው ኪስ ገዝተው የሥራ ባልደረቦቻቸውን ኮምፒዩተር ሁሉ ያስነሡ አንድ ጸሐፊ አውቃለሁ፤ ምስጋናም አልደረሳቸውም። ዩፒኤስ የሚባለው የመብራት መጠባበቂያም እንዲሁ ነው። ውስጡ ያለው ባትሪ ሦስት አራት ዓመት አገልግሎ ሲሞት እርሱን ብቻ መለወጥ ሲቻል መላው ዕቃ ይጣላል፤ መብራት ቦግ እልም ሲል ደግሞ ያልተጠበቀው ኮምፒዩተር ተከትሎት ይሞታል። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በተቀመጠው መሐል ሜዳም ሆነ ከዠማ ሸለቆ በላይ ባለው በዓለም ከተማ፣ መሣሪያ የሚገድለው ከዕድሜው ይልቅ የመብራቱ መዋዠቅና ንፋስ የሚያመጣው አቧራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የፊደሉ ነገር ነው። እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለማስጻፍ የደከሙት ድካም ሊዘነጋ አይገባውም። በኋላም ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት ፕሮግራሞች ወጥተው ለብዙ ዓመታት የመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ ሁሉ በነርሱ ተጽፏል። ችግሩ በዚያን ዘመን አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው የምልክት ብዛት ከ256 የማያልፍ መሆኑ ነበር። የእኛ ፊደል ከነዝርዝሩ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ መንገድ ፊደሉን ከፋፍሎና ቀጣጥሎ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ አስቀመጠው። ስለዚህ ጽሑፉ ለሰው ዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ለኮምፒዩተሩ የተዘበራረቀ ላቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል ለራሱ ቋሚ ቦታ አገኘ፤ ዛሬ በስልክም በኮምፒዩተርም የምንጽፈው በእርሱ ነው። የቀድሞው ሰነድ ግን ራሱን አልለወጠም። ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ማንም የማያነበው ኮተት ይሆናል።

እንግዲህ ይታሰብ! በ1962 ዓ.ም. በጽሕፈት መኪና የተመታ ደብዳቤ፣ ወረቀቱ ቢጫ ቢሆንም፣ ዛሬ ከፋይሉ አውጥቼ ለባለጉዳይ አነብለታለሁ። በ1998 ዓ.ም. በኮምፒዩተር የተጻፈውን ግን ላነብለት አልችልም።

ከግሼ ወገን የመጡ አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን መብት የሚመለከት በ2000 ዓ.ም. የተሰጠ ውሳኔ ፈልገው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጡ። በእጃቸው የነበረው ግልባጭ ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል፤ የመሥሪያ ቤቱም የወረቀት ፋይል አልተገኘም። ሰነዱ በፍላሽ ተቀድቶ ቢገኝ የማይነበብ ሆነ። ፕሮግራሙ የነበረበት አሮጌ ኮምፒዩተር «የሚወገድ ንብረት» ተብሎ በግምጃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዙት ሠራተኛ ደግሞ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄደዋል። ባልቴቲቱ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ በከተማው ሞባይል የሚጠግን አንድ ወጣት አሮጌውን ፎንት ከራሱ ዕቃ ፈልጎ ጫነውና ደብዳቤው በአምስት ደቂቃ ተነበበ። ወጣቱ ገንዘብ አልተቀበላቸውም። ያ ልጅ በዚያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ የሴትዮዋ መብት በምን ይረጋገጥ ነበር?

አሁን ይህን የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. እንዳቆመ ሁሉ፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውንም መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ በደንቡ መሠረት አይጫንም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት ብዙ መሣሪያ «አያገለግልም» ተብሎ ወደ ግምጃ ቤት መግባቱ አይቀርም፤ በውስጡ ያለው የሰው መዝገብም አብሮ ይቆለፋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው የሳተላይት ትምህርት ፕላዝማም ከተበላሸ በኋላ በብዙ ክፍል ውስጥ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ መቅረቱን ያየ ሰው ይህን ስጋቴን ከንቱ አይለውም።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን ሁሉ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አንድ ኮምፒዩተር ይወገድ ብሎ ከመፈረሙ በፊት፣ በውስጡ ያለው ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ የተቀመጠ መሆኑን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ይፈርምበት። የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሥራውም የአንድ ትጉህ ሰው የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው። የሳንቲሟን ባትሪና የዩፒኤሱን ባትሪ ለመሰለ ነገር ኃላፊው ያለ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ከጥቃቅን ወጪ እንዲገዛ ይፈቀድለት። አሮጌው ኮምፒዩተር ሰነዱ ከወጣለትና የባለጉዳዮች ምሥጢር ፈጽሞ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ተጭኖበት በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት ይሰጥ።

ልጆቹ ይሰብሩታል የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አሳቢነት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት ታድሎ፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው በጥቂት ወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ ተብሎ በዓለም ተወርቷል። ወሬው ተጋንኖ ይሆናል። ግን ለመንዝ ልጅ አሮጌ ኮምፒዩተር ቢሰጡት መጀመሪያ የሚከፍተው ካርታውን እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ይክፈተው። እኛም የጀመርነው በዚያው ነው።

የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ፣ ሌላ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኞችም በየግምጃ ቤታቸው ስንት የተቆለፈ ኮምፒዩተር እንዳለ ቆጥረው በዚሁ ዓምድ ቢጽፉ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከመንዝ