«ደሙ ከልጅሽ ላይ ይቀንሳል» ለምትሉ

ሰሞኑን ሐይቅ አራስ ልጠይቅ ሄጄ፣ ገንፎው እየተበላ አራሷ አንድ ነገር አወራችኝ። ምጡ ሲጠናባት ማስታገሻ ብትጠይቅ «የጀርባ መርፌ ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ ልጅሽን ትጎጃለሽ» ተባለች። ዝም አለች። እንዲህ ተብላ ዝም የማትል እናት የት አለች?

ተማሪዎቼ፣ ይህን ያለው ከእናንተ አንዱ እንዳይሆን እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ኤፒዱራል የደም ሥሮችን የሚያጠብቡትን ነርቮች ያደነዝዛል፤ ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ የእናቲቱ ግፊት ሊወርድ ይችላል። መውለጃዋ በደረሰ ሴት ማህፀን በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ያልፋል። ማህፀን ደግሞ እንደ አንጎል ፍሰቱን ራሱ አያስተካክልም፤ ግፊት ሲወርድ ደሙም አብሮ ይቀንሳል።

ሌላውን ግማሽ ማን ይንገራት? ሕመሙ ራሱም ደም ይቀንሳል! ምጥ ሲያሰቃያት አድሬናሊን ይጨምራል፣ የማህፀን የደም ሥሮች ይጠባሉ። ግፊቷ ከተጠበቀ ኤፒዱራል ይህን ፍሰት ሊያሻሽለው ሁሉ ይችላል። ግፊት ቢወርድም መላ አለው፦ በጎን ማስተኛት፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን፣ ቶሎ ቶሎ መለካት።

ደግሞስ ለኦፕራሲዮን ስፓይናል እየሰጠን አይደለም እንዴ? እሱ እኮ ግፊትን የሚጥለው በበለጠ ፍጥነት ነው። ለኦፕራሲዮን ሲሆን «እንቆጣጠረዋለን»፣ ለሕመሟ ሲሆን «አደገኛ ነው»!

ለደሙ እንዲህ ከተጨነቅን፣ ያማጠችን ሴት ለምን በጀርባዋ አንጋለን እናስተኛታለን? የማህፀኑ ክብደት ትልልቆቹን የደም ሥሮች ተጭኖ ያንኑ ደም ይቀንሳል። በግራ ጎን ማስተኛት ሳንቲም አያስወጣም።

ነገ በየወረዳው ኤፒዱራል ይጀመር አላልኩም። ሰመመን ሰጪና ግፊቷን የሚከታተል ሰው ሌት ተቀን በሌለበት አይሰጥም። ታዲያ ምክንያቱ ይህ ከሆነ ይህንኑ እንንገራት፦ «ባለሙያ የለንም፣ ይቅርታ»። እጥረቱ የእኛ ዕዳ ነው፤ በልጇ አስፈራርተን እሷ ላይ አንጫነው። እስከዚያው የምትፈልገው ሰው አጠገቧ ይቁም፣ ትንቀሳቀስ፣ ወገቧ ይታሽላት።

ወሎ ላይ ማርያምን የምትጠራም አላህን የምትጠራም በምጥ እኩል ነው የሚያማት። ሁለቱም እውነቱ ይገባቸዋል።

የምትቃወሙኝ ኮሜንት ላይ ኑ፣ እንከራከር።